መስኮቱ ላይ የለጠፍኩት ፊልም

የመጨረሻው ደህና ቀን የአጨዳ ቀን ነበር። ኮምባይነሩ ከሮቤ ወጣ ብሎ ወዳለው ማሳችን የገባው ረፋድ ላይ ነው። ታላቅ ወንድሜ ጆንያ ይይዛል፣ እኔ አፉን እሰፋለሁ። ይስላል። ከኮምባይነር ኋላ ቆሞ የማይስል ሰው የለም። «ገለባ ነው» አለ። እኔም ገለባ ነው አልኩ።

ቤት ስንመለስ እንደ ልማዱ የእናታችን መኝታ ቤት መስኮት ፊት ቆመ። መስኮቱ ላይ የራሱ ሳንባ ተለጥፏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያ ዓለምን ያዳረሰው የሳንባ በሽታ መጀመሪያ የመጣ ጊዜ ወንድሜ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር። ደረቱን በሲቲ ስካን አነሱት። አሥራ ሁለተኛ ክፍል የጨረስኩ እኔ ስለሆንኩ ሐኪሙ ፊልሙን መብራት ላይ ሰቅሎ ለእኔ አሳየኝ። ጥቁሩ አየር ነው አለ። ዳር ዳሩን ነጣ ያለ ነገር ነበር፣ ጠዋት ሳነቴ ተራራ ላይ እንደሚተኛው ጉም። ጠባሳ ሊተው ይችላል፣ ፊልሙን በደንብ አስቀምጥ፣ እንደገና ከታመመ ይዘህ ና አለኝ። እሺ አልኩ።

ወንድሜ ዳነ። ብዙም ሳይቆይ በረዶ የመስኮቱን መስታወት ሰበረው። የባሌ ብርድ በካርቶን አይመለስም። ፊልሙ ሰፊ ነው፣ ጠንካራ ነው፣ ውሃ አያስገባም። በሰፈራችን የራጅ ፊልም መስኮት ላይ ማየት ብርቅ አይደለም። በፕላስተር የለጠፍኩት እኔ ነኝ። ሁለተኛው ዙር መጣ ሲባል ከቤታችን ማንም አልታመመም፣ የሐኪሙንም ቃል ረሳሁት።

ወንድሜ ግን ይቀልድበት ነበር። «ሚስት ስፈልግ የልጅቷን ቤተሰብ እዚህ አቆማቸዋለሁ። ውስጡን አናውቅም እንዳይሉ።» መስታወቱን ከአጨዳ በኋላ አስቆርጣለሁ ይል ነበር። ከአንዱ አጨዳ በኋላ ሌላ አጨዳ መጣ።

በማግስቱ መነሳት አቃተው። እስከ ሦስተኛው ቀን ገለባ ነው ስንል ቆየን። ከዚያ ጎባ ሆስፒታል ወስደን አስተኛነው፣ ኦክስጅን ተደረገለት። አዲሱን ፊልም ሌላ ሐኪም አሳየኝ። ጉሙ ዳር ዳሩን አልቀረም፣ መሃሉን ሞልቶታል። የፊተኛው ፊልም አለ ወይ ብሎ ጠየቀ። የትኛው የድሮ ጠባሳ እንደሆነ፣ የትኛው አዲስ እንደሆነ ለይቶ ማከም ፈልጎ ነው።

በሚኒባስ ወደ ሮቤ ተመለስኩ። ፊልሙን ስስበው አንድ ማዕዘኑ ከፕላስተሩ ጋር ቀረ። ይዤ ጎባ ደረስኩ። ሐኪሙ መብራት ላይ ሰቀለው። ምንም የለም። ፀሐይ አጥቁሮታል።

«የት ነበር?» አለኝ።

«መስኮት ላይ።»

አልተቆጣኝም። ቢቆጣኝ ይሻል ነበር።

ወንድሜ ፊልሙን እጄ ላይ አየው። የኦክስጅኑን ጭምብል ገለጥ አደረገ። «ተማሪው፣ እናታችንን ብርድ ላይ ጥለሃት መጣህ?» አለ። ለመሳቅ ሞከረ፣ ሳል ያዘው። ከዚያ ወዲያ ለእኔ የተናገረው የለም።

በማግስቱ ከቀትር በፊት ሞተ። ከሰዓት በኋላ፣ ከአስር ሰላት በፊት ቀበርነው። ከሆስፒታል ከመውጣታችን በፊት ሐኪሙን፣ ፊልሙ ደህና ቢሆን ኖሮ ይድን ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኩት። አላውቅም አለ። እውነተኛ ሰው ነው። በዚያች ሰዓት ግን እውነት ምን ያደርግልኛል?

ለቀስተኛው ሁሉ የአላህ ውሳኔ ነው ይለኛል። አልክድም። ፕላስተሩን የቆረጥኩት ግን እኔ ነኝ። ይህን ለማንም አልተናገርኩም።

ከቀብሩ በማግስቱ ጠዋት ሰዎቹ ድንኳን ውስጥ ተቀምጠው ሳለ የመስኮቱን ልክ በክር ለካሁ። ገበያ ሄጄ መስታወት አስቆረጥኩ። ቆራጩ ወፍራም ይሁን ቀጭን ሲለኝ ወፍራም አልኩ። በብርድ ልብስ ጠቅልዬ አመጣሁት። እናቴ አልጋው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። የቀረውን ፕላስተር በምላጭ ፋቅኩ። ማዕዘኑ ላይ የቀረችውን የፊልም ቁራጭ ግን መፋቅ አልቻልኩም። መስታወቱን በላይዋ ገጠምኩት፣ ምስማሩንም መታሁ።