የትኛው ድስት የማን እንደሆነ የጠፋብኝ ዕለት

ትናንት የባለቤቴ ሙት ዓመት ነበር... እንግዳው ዳስ ሞልቶ እየጠበቀ፣ እኔ ማጀት ውስጥ ሁለት ድስት ወጥ ፊት ቆሜ ላብ አጠመቀኝ።

በእኛ ከተማ በመካነ ሰላም ድግስ የሚደገሰው ለሁለት ነው። ክርስቲያኑ የሙስሊሙን እርድ አይበላም፣ ሙስሊሙም የእኛን። ስለዚህ አንዱን በግ የእኛ ሰው፣ ሌላውን ሙስሊም ጎረቤቴ አረዱልኝ። ወጡም ለየብቻ ተሠራ። እኔ ግን እሳቱን ላስተካክል ብዬ ሁለቱንም ድስት አውርጄ መልሼ ስጥዳቸው... የቱ የማን እንደነበር ጠፋኝ።

ማንም አላየኝም። ገምቼ ባወጣስ ማን ያውቃል?

ግን ዳሱ ውስጥ እትዬ ዘሀራ ተቀምጠዋል። ባለቤቴ በታመመች ጊዜ ያጠቧት፣ ያጎረሷት እሳቸው ናቸው።

ደግሞ ባለፈው እሑድ የንስሐ አባቴ ያስተማሩት ትዝ አለኝ። ሐዋርያው ለሮም ሰዎች በላከው መልእክት አትክልት ብቻ የሚበላ ደካማ አለ። እኔ ሆዱን የታመመ ሰው ይመስለኝ ነበር። ለካ ብዙዎቹ ከአይሁድ ወገን ያመኑ ናቸው። የገበያው ሥጋ እንዴት እንደታረደ፣ ለጣዖት ይቅረብ አይቅረብ ስለማያውቁ በጎመን ያድሩ ነበር። ሐዋርያውም በመብል ምክንያት ወንድምህን አታሳዝን ነው የሚለው።

ወጥቼ እትዬ ዘሀራን በጆሯቸው ነገርኳቸው።

«ጉድ ሆኛለሁ። ድስቶቹ ተምታቱብኝ።»

«ማን አየ?»

«ማንም።»

«ታዲያ ዝም አይሉም ነበር?»

«ለእርስዎ? እንዴት አድርጌ...»

ዓይናቸው እንባ አቀረረ።

«አብሽሩ አያ ሞላ። የሽሮ ዱቄት አለ?»

«አለ።»

ሻርፓቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ማጀት ገቡ። እህቴም ሽንኩርት ይዛ ተከተለቻቸው። ሁለቱ እየተሳሳቁ ሲያማስሉ ዳስ ድረስ ይሰማል።

የንስሐ አባቴ ነገሩን ሲሰሙ ጢማቸውን ዳበስ ዳበስ አደረጉ።

«እንግዲህ ዛሬ እኔም ከደካሞቹ ጋር ነኝ... ሽሮው ቃሪያ ይኑረው።»

ክርስቲያኑም ሙስሊሙም ከአንድ ድስት በላ። ባለቤቴ ካረፈች ወዲህ ቤቴ እንዲያ ሞቆ አያውቅም። የሥጋ ወጡን የሰፈሩ ውሾች ጨረሱት፣ እነሱ ማን አረደው ብለው አይጠይቁም።

በግ አርዶ ሽሮ ያበላ ደጋሽ ተብዬ ይሳቅብኝ... የትናንቱን ያህል ግን ተመርቄ አላውቅም።