ሐጃ ዘይነብ የገቡበት ካሶኒ

አሶሳ ጋራዥ ሥራ የጀመርኩ ቀን ብየዳ ሊያስይዙኝ ነው ብዬ መነጽር ሁሉ ገዝቼ ነበር። አለቃዬ ጋሽ ይመር በሰፈራ ዘመን ከወሎ የመጡ የካሶኒ፣ ማለትም የጭነት መኪና ዕቃ መጫኛ ሣጥን፣ ሠሪ ናቸው። መነጽሬን አይተው ሳቁና ትከሻዬ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ጫኑብኝ። "መጀመሪያ ይኸን መኪና ሙላ፤ ከዚያ እንነጋገራለን" አሉኝ።

ሞላሁት። ክንዴ አልታጠፍ ቢለኝም ነገሩ ገባኝ። ወለሉ ከወዛደር ትከሻ ከፍ ካለ ወገብ ይቆርጣል፤ በጣም ዝቅ ካለ ደግሞ ጭነት ሲበዛ ጎማው ይፍቀዋል። ስፖንዳው፣ ማለትም የጎን ክዳኑ፣ ወደ ታች የሚታጠፈው ዕቃ ከሦስት በኩል እንዲራገፍ ነው። ወለሉ ጣውላ የሆነው ብረት ጠፍቶ እንዳይመስላችሁ። ላሜራ ሲረጥብ ሰው ይጥላል፤ ጣውላ ግን የተሰበረችውን አንዷን ነቅሎ መተካት ነው።

ከስድስት ዓመት በኋላ ጋሽ ይመር ካሶኒ እንድሠራለት አንድ መኪና ለብቻዬ ሰጡኝ። "ካሳመርከው ጋራዡን አንተ ትመራለህ፤ ካበላሸኸው ወደ ቀለም ቅብ ትመለሳለህ" አሉኝ። መኪናው የማንጎ ነጋዴዋ የሐጃ ዘይነብ ነው። ያላቸውን ሁሉ አውጥተው የገዙት ነው፤ በሦስተኛው ቀን የመጀመሪያውን ጭነት ይዞ አዲስ አበባ ይሄዳል። ማንጎው መለቀም ጀምሯል።

እኔ ሆዬ ልቤ አብጧል። ዙሪያውን ላሜራ፣ ከላይ ጣሪያ አለበስኩት፤ የኋላ በሩን በጎማ አሸግኩት። አረንጓዴ ቀባሁት። መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ያየኝ ጀመር፤ መቼም ደስ አይልም አልልም።

ሐጃ በቀትር መጡ። ዞር ዞር ብለው አዩና "ቆንጆ ነው" አሉ። ከዚያ የተከናነቡትን ሰፊ ቶብ ሰብስበው ካሶኒው ውስጥ ገቡ። "ና ልጄ፣ አንተም ግባ። ይመር፣ በሩን ዝጋ።"

ተዘጋ። ጨለማ ነው፣ ላሜራው ይፋጃል። ጥቂት ቆይቶ ሸሚዜ ጀርባዬ ላይ ተለጠፈ።

"ይበቃናል ሐጃ" አልኳቸው።

"ገና ባምባሲ አልደረስንም" አሉኝ ረጋ ብለው፣ በአዲስ አበባ መንገድ ለአሶሳ ቅርብ የሆነችውን ከተማ ጠርተው።

ደግሜ ለመንኩ። "አሁን ባምባሲ ነን። አዲስ አበባ ሩቅ ነው" አሉ። ቀጥለውም "ማንጎ አፍ የለውም፣ አንተ ግን አለህ። ንገረኝ፣ እንዴት ነው?" አሉኝ።

"መተንፈሻ የለውም" አልኩ። ውጭ ጋሽ ይመር ሲስቁ ይሰማኛል። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

በሩ ሲከፈት ጋሽ ይመር የብረት መቁረጫውን አቀበሉኝ። ያንን የመሰለ ቀለም መቁረጥ አንጀቴን በላው። የፊቱንና የኋላውን ግንባር ከጣሪያው ሥር ከፈትኩ፤ መኪናው ሲሮጥ ነፋስ በፊት ገብቶ በኋላ ይወጣል። የዝናቡ ወቅት ስለደረሰ በክፍተቶቹ ላይ ወደ ውጭ ያዘነበሉ የላሜራ ክንፎች በየድኩ። ከዚያ ውስጥ ገብቼ ተቀመጥኩና ጋሽ ይመር ከውጭ በውኃ ማጠጫ ጎማ ረጩብኝ። አልረጠብኩም።

ከአዲስ አበባ ስልክ ሲደወል ሮጬ አነሳሁት። "ደርሷል" አሉ ሐጃ። "አንድ ሳጥን ብቻ ተበላሽቷል፤ እሱም ሹፌሩ የተኛበት ነው።"

ጋራዡ ውስጥ እንደ ሕፃን ዘለልኩ። ጋሽ ይመር የጋራዡን ቁልፍ ሰጡኝና ሻይ ሊጠጡ ሄዱ።

ለጀማሪዎች የምለው ይኸው ነው፤ የሠራችሁት ካሶኒ ውስጥ በቀትር ግቡ፣ በሩን አስዘጉ፣ ከዚያ አስረክቡ።