የማን ክንድ ነው?

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያየሁት ጫማ ነው። ስምንት ጥንድ የላስቲክ ጫማ ከግድግዳው ሥር ተደርድሯል፤ መስጊድ በር ላይ የቆምኩ መሰለኝ። ከጫማዎቹ ወዲያ ሴቶች ተቀምጠዋል። ክፍሉ ከእኛ ቤት ጓዳ ትንሽ ይሰፋል። መስኮት የሚባለው ከጣሪያው ሥር አንድ ብሎኬት ሳይገባበት የቀረ ቀዳዳ ነው። በዚያ ቀዳዳ የከሚሴ ፀሐይ እየገባች ወለሉ ላይ ሳሙና የምታክል ብርሃን ታስቀምጣለች። ያቺ ብርሃን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስትሄድ ማየት የቀኑ ሥራችን ነበር።

"ጫማሽን አውልቂ፤ እዚህ እንተኛበታለን" አለችኝ በሩ አጠገብ ያለችው ሴት።

አወለቅሁ። የኔ ዘጠነኛ ሆነ።

"በምን ገባሽ?" ይህ እዚያ ቤት ሰላምታ ነው።

"በአውሮፕላን።"

ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እውነቴን ነበር።

አውሮፕላኑ የማሽላ አገዳ ነው። ጨፋ ሜዳ ላይ ያደገ ልጅ ሁሉ በአገዳ ጋሪ ይሠራል፣ መኪና ይሠራል። ልጣጩን ገፎ፣ ለስላሳውን ልቡን ቆርጦ፣ በልጣጩ ስንጥር እየወጋ ያያይዘዋል። ሌሎቹ ሲያድጉ ተዉት፤ እኔ አልተውኩም። አስራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ሞባይል ጥገና ቤት ስገባም ማታ ማታ አገዳ እልጥ ነበር። የምወደው አሮጌ ነገር ነው። ድሮ የነበረውን የወፍጮ ሞተር ከነትልቅ መዘውሩ ሠርቻለሁ። ባሕር አይቼ አላውቅም፣ ከፎቶ ላይ አይቼ ግን ባለ ሁለት ጭስ ማውጫ መርከብ ሠርቻለሁ። እናቴ "ይለቃታል" ትል ነበር። አልለቀቀኝም።

ይህኛው ድርብ ክንፍ ያለው የአንበጣ መድኃኒት የሚረጭ የድሮ አውሮፕላን ነበር። ጎማዎቹን ከመድኃኒት ጠርሙስ ክዳን፣ ክንፎቹን እርስ በርስ የሚወጥሩትን ሽቦዎች ከተበላሸ ኢርፎን አወጣሁ። የቆርቆሮ ጣሪያ የሚቀባበትን ብርማ ቀለም ቀባሁትና እንዲደርቅ ከልብስ ማስጫው ገመድ ላይ፣ በእናቴ ሻሽና በወንድሜ ሱሪ መሀል ሰቀልኩት። ጥፋቴ ይኼው ነው። በዚያ ሰሞን ሰው ድሮን ፈርቶ ሰማይ ሰማዩን እያየ ነበር የሚሄደው። ከመንገድ ያየ አንድ ሰው ስልክ ደወለ።

ሦስት ፖሊሶች መጡ። ሁለቱ ከውሃው በርሜል ኋላ ተደበቁ፤ አንዱ በረጅም እንጨት ከሩቅ ነካው። አውሮፕላኑ በገመዱ ላይ ተሽከረከረ። እንጨት የያዘው ወደ ኋላው ሸሸ። እናቴ "ኧረ አገዳ ነው!" አለች። ማንም አልሰማትም። ሳይፈነዳ ሲቀር አውርደው ወገቡን ሰበሩት።

"ባትሪው የታል?"

"ባትሪ የለውም።"

"ታዲያ እንዴት ነው የሚበረው?"

"አይበርም።"

"የማይበር አውሮፕላን ለምን ትሠሪያለሽ?"

ብዙ ነገር ተጠይቄ አውቃለሁ፤ እንደዚህ ያናደደኝ የለም። መልሱን እስካሁን እየፈለግሁ ነው። ልኩን ከጻፍኩበት ደብተሬ ጋር ወሰዱኝ።

ሁሉም ነገር የመጣው ከደብተሩ ነው። የአውሮፕላኑን ልክ የሰጡኝ አንድ አዛውንት ናቸው። በወጣትነታቸው አንበጣ ሲመጣ ማሳ መሀል ቆመው ነጭ ጨርቅ በረጅም እንጨት ከፍ አድርገው ይይዙ ነበር፤ አብራሪው ያንን እያየ በመስመር እንዲረጭ። አንድ ጊዜ አውሮፕላኑ ጎማው ተሰብሮ ጨፋ ላይ ሦስት ቀን ቆመና እሳቸው ጠባቂ ተደረጉ። ሥራ ፈትተው ሲሰለቻቸው ከጫፍ እስከ ጫፍ በክንዳቸው ለኩት። ያንን ልክ እንደ ልጆቻቸው ዕድሜ ያውቁታል። እኔም ሲነግሩኝ በክንድ ጻፍኩ፤ ከዚያ ክንዳቸውን በሜትር ለክቼ "1 ክንድ = 48 ሳ.ሜ." ብዬ ከጎኑ አሰፈርኩ። ስማቸውን አልጻፍኩም። አላህ ጠብቆኝ እንጂ ብልጠት አልነበረም።

በማግስቱ ጠዋት ተጠራሁ። መርማሪው ወጣት፣ ረጅም፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ነው። አልመታኝም። ይህን ለምስጋና አልጻፍኩትም፤ ሰው አለመምታት የሚያስመሰግንበት ቦታ መኖሩ ያንገበግበኛል።

ሽቦዎቹን በእስክርቢቶ ነካ ነካ አደረገ። "እነዚህ አንቴናዎች ናቸው።"

"የክንፍ መወጠሪያ ናቸው። ድርብ ክንፍ ያለ ሽቦ ይረግባል።"

"ይሄስ?" ደብተሩን ገለጠ። "የላይኛው ክንፍ ሃያ ሁለት ክንድ። ወገቡ አስራ አምስት ክንድ።"

"ልኩ ነው። ለሃያ አካፍዬ አሳንሼዋለሁ።"

ገጹን አየ። ሞኝ ቢሆን ኖሮ ነገሩ ባለቀ ነበር። ሞኝ አልነበረም።

"እጅሽን አምጪ።"

ከክርኔ እስከ መሀል ጣቴ ጫፍ ሠላሳ ሳንቲ ሜትሯን ማስመሪያ ሁለት ጊዜ እያስቀመጠ ለካኝ። አርባ አንድ።

"ያንቺ አይደለም። አውሮፕላን አጠገብ ቆሞ በክንዱ የለካ ሰው አለ። የማን ክንድ ነው?"

"የድሮ አውሮፕላን ነው። እኔ ሳልወለድ የነበረ።"

"የድሮ ከሆነ ስሙን ብትነግሪኝ ምን ክፋት አለው? አምጥተን እንጠይቀዋለን፤ አንቺ ዛሬውኑ ቤትሽ ትገቢያለሽ።"

አምጥተን እንጠይቀዋለን። እሳቸው ስኳር አለባቸው። ጠዋትና ማታ መርፌ ይወጋሉ፣ የግራ እግራቸው ሁለት ጣት ተቆርጧል። የምተኛበትን ወለል አሰብኩ። የወንዶቹ ክፍል ከኛ እንደሚብስ ሰምቼ ነበር። አንድ ስም ብናገር እኔ እናቴ ጋ ነኝ፣ እሳቸው እዚያ ናቸው።

"እስከ ነገ አስቢበት" አለኝ።

ክፍላችን ስመለስ የአንዷ ቤተሰቦች ከጨፋ ጥንቅሽ ልከውላት ሴቶቹ ይቆረጥማሉ። ለኔም ደረሰኝ። ጣፋጩን መጥጬ ልጣጩን ሳልጥል እጄ ሳላዘው መሰንጠቅ ጀመረ። ከጎኔ የባቲዋ እናት የምንላቸው ሴት ነበሩ። ባቲ ገበያ ገመድ ሻጭ ናቸው፤ የታሰሩት ልጃቸው ተፈልጎ ስለጠፋ፣ እሱ እስኪመጣ በሱ ፋንታ ነው። እንዲህ ዓይነት መያዣ እንዳለ ትምህርት ቤት አላስተማሩንም።

"ኢንተሎ" አሉኝ። ለሳቸው ሴት ልጅ ሁሉ ኢንተሎ ነው። "ምን ብሎ ጠየቀሽ?"

"የማን ክንድ ነው አለኝ።"

ነገሩን ስነግራቸው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። የሌሎቹም ሳቅ ተከተለ፤ ከውጭ ዘበኛው በሩን በቡጢ መታ።

"ወላሂ ይሄ የባቲ ገበያ ጭቅጭቅ ነው" አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "የግመል ገመድ በክንድ ነው የሚሸጠው። ገዢ ይመጣል፤ 'ይሄ አስር ክንድ አይሞላም፣ በማን ክንድ ነው የለካሽው?' ይላል። ሁሉም ይላል። እኔ የማንንም ስም አልጠራም።"

"ታዲያ ምን ይላሉ?"

"'እንካ፣ ባንተው ክንድ ለካው' እላለሁ። ራሱ ለክቶ ማንን ይከሳል?"

"ቢጎድልበትስ?"

"እጁ ረጅም ከሆነ ይጎድልበታል፤ ለሱ ትንሽ አክልለታለሁ። ለአጭሩ ዝም ነው።" ጥንቅሻቸውን ነከሱ። "መርማሪሽ እጁ እንዴት ነው?"

"ረጅም ነው።"

"አብሽሪ እንግዲያ።"

ሌሊቱን ግን አልተኛሁም። ገበያ ውስጥ የተከራከረ ሰው ቢበዛ ገመዱን ትቶ ይሄዳል። እኔ የት እሄዳለሁ?

በማግስቱ መርማሪው ማስመሪያውን ከደብተሩ ጎን አስቀምጦ ጠበቀኝ። በሩ ላይ አንድ በዕድሜ የገፉ የአገር ልጅ ፖሊስ ቆመዋል።

"አሰብሽበት?"

"አሰብኩበት።"

"የማን ክንድ ነው?"

"መጀመሪያ የራስዎን ይለኩ።"

"ምን አልሽ?"

"ገበያ ላይ ክንድ ያጠራጠረው ሰው በራሱ ክንድ ነው የሚለካው። የኔን ለክተዋል። የራስዎን ይለኩና እነግርዎታለሁ።"

ይቆጣል ብዬ ጠበቅሁ። በሩ ላይ ያሉት ግን "እውነቷን ነው፣ ደንቡ እንደዚያ ነው" አሉ፤ ፊታቸውን ወደ ግቢው አዙረው። መርማሪው እሳቸውን አየ፣ እኔን አየ። ከዚያ እጅጌውን ሰብስቦ ክርኑን ጠረጴዛው ላይ አሳረፈ። ለምን እንደለካ ዛሬም አላውቅም። ስለ ራሱ ክንድ ተጠይቆ የማይለካ ሰው ያለ አይመስለኝም።

ሠላሳ። ማስመሪያዋን አሻገራት። አስራ ስምንት።



"አርባ ስምንት" አሉ በሩ ላይ ያሉት፣ ሳይዞሩ። "ያንተው ነው እንግዲህ።"

"እሺ" አልኩ። "ከሚሴ ገበያ ረጅም ሰው ሞልቷል። ሁሉንም ያምጡና ይለኩ። ከርስዎ ይጀምሩ።"

እጅጌውን ቀስ ብሎ አወረደ፣ አዝራሩን ቆለፈ። ደብተሬን ዘጋ።

"አስገቧት።"

ለዚያ ንግግሬ አስራ ሁለት ቀን ጨመሩልኝ። አንድም ቀን አልተጠራሁም፣ አንድም ጥያቄ አልተጠየቅሁም። ዝም ብዬ እንድቀመጥ ብቻ። የባቲዋ እናት "አክሎልሽ ነው" ብለው ይስቁብኝ ነበር። በእነዚያ ቀናት ከጥንቅሽ ልጣጭ ሌላ ድርብ ክንፍ ሠራሁ፤ መዳፍ የሚያክል። ብርሃኗ ስትደርስበት ጥላው ወለሉ ላይ ይሄዳል፤ ሴቶቹ "አሁን ሮቢት ደረሰ፣ አሁን ባቲ ገባ" እያሉ ይከተሉታል።

ስፈታ አንድ ፌስታልና አንድ ወረቀት ሰጡኝ። ወረቀቱ "ኤግዚቢቱን በነበረበት ሁኔታ ተረክቤያለሁ" ይላል። ፌስታሉን ከፈትኩ። ዱቄት፣ አራት ሽቦ፣ ሁለት የጠርሙስ ክዳን። አገዳ በቀለም ከተሸፈነ ነቀዝ አይገባውም፤ ወገቡን ሲሰብሩት ግን ልቡ ተጋለጠና ነቀዙ ከውስጥ ጨረሰው።

እስክርቢቶ ተቀብዬ ከጽሑፉ ሥር "ወገቡ ሲያዝ ተሰብሯል፣ ከዚያ ነቀዝ በልቶታል" ብዬ ጻፍኩና ፈረምኩ።

"ይሄንን ማን ጻፊ አለሽ?" አለ ጸሐፊው።

"የተረከብኩትን ነው የጻፍኩት።"

"ልመልስሽ እችላለሁ ታውቂያለሽ?"

"አውቃለሁ። ፊርማዬን ከፈለጋችሁ ከነጽሑፉ ነው።"

ጫማዬን አድርጌ ቆሜ ጠበቅሁት። ማኅተሙን መታበት።

አዛውንቱ ጋ በሳምንቱ ሄድኩ። የት እንደነበርኩ አልነገርኳቸውም፤ ሰምተው እንደሆን እንጃ፣ አልጠየቁኝም። "አውሮፕላኑ የታል?" አሉኝ።

"ነቀዝ በላው።"

"ጥፋቱ በኔ ልክ ነው ባንቺ አሠራር?"

"በኔ ነው አባባ። በደንብ አልሸፈንኩትም።"

ክንዳቸውን ዘረጉልኝ። "እንደገና ለኪና ጀምሪ።" ለካሁ። አርባ ሰባት ሆኗል። ሰው እንደሚያጥር ያኔ ነው ያወቅሁት። ደብተሬ ላይ አርባ ስምንቱን አልነካሁትም።

ባለፈው ክረምት በገዛ አልጋቸው አረፉ፤ ልጆቻቸው ከበዋቸው፣ መርፌያቸው ራስጌያቸው ሆኖ።

የባቲዋን እናት ለማየት ሁለት ጊዜ ባቲ ገበያ ገመድ ተራ ሄጃለሁ። ልጃቸውም አልመጣ፣ እሳቸውም አልመጡ አሉኝ ጎረቤት ሻጮቹ። ቦታቸው ላይ ሌላ ሴት የናይለን ገመድ ትሸጣለች። በሜትር።

አዲሱ አውሮፕላን አልቋል። አሁንም አይበርም። ሦስት ጊዜ ቀለም ቀብቼዋለሁ፤ ሲደርቅም ገመዱ ላይ፣ ከመንገድ በሚታይበት ቦታ ነው የሰቀልኩት። ከታችኛው ክንፍ ሥር በቀጭን እስክርቢቶ የለካውን ሰው ስም ከነአባታቸው ጽፌያለሁ። እዚህ አልጽፈውም። እሳቸው አልፈዋል፤ ልጆቻቸው ግን አሉ፣ እነሱም ክንዳቸው ረጅም ነው።