ከሞጣው አዛውንት ጋር የጠጣነው ውሃ

ቢቸና ላይ ከማስተምርበት ክፍል አውጥተው ሲወስዱኝ ጠመኔው በእጄ ነበር። «ገበሬውን በግብር ታሳድማለህ» አሉኝ። የእስር ቤቱ በር ተከፍቶ ወደ ውስጥ ስገፋ መጀመሪያ የተቀበለኝ የላብና የእርጥብ አፈር ሽታ ነው። ቀጥሎ አፋቸውን በጋቢ ሸፍነው የተቀመጡ አንድ አዛውንት አየሁ። ዙሪያቸው ባዶ ነበር። ሰው በሰው ላይ በሚተኛበት ክፍል ባዶ ቦታ ማየት ያስፈራል።

«መምህር፣ ከሳቸው ራቅ በል፤ አፋቸው ተበልቷል» አለኝ የእስረኞቹ አለቃ፣ ጉልበተኛ የበቅሎ ነጋዴ። «ነገ ለዘበኞቹ ነግረን ጎተራ እናስገባቸዋለን።»

ጎተራ የሚሉት ከግቢው ጥግ ያለ፣ ጣሪያው የሚያፈስ ቤት ነው። ታሞ እዚያ የገባ በእግሩ አልወጣም ይባል ነበር።

«አይጋባም ልጄ» አሉኝ አዛውንቱ፣ ቃሉ እያመማቸው። ከሞጣ በኩል በዚያው በግብሩ ነገር ተይዘው የመጡ ገበሬ ናቸው። አንገታቸው ላይ ነቀርሳ ወጥቶ አዲስ አበባ ሐኪም ቤት በደም ሥራቸው መድኃኒት ሲሰጣቸው ቆይቷል። «አፌን ያቆሰለው መድኃኒቱ ነው። በጨው ውሃ ተጉመጥመጥ ብሎኛል ሐኪሙ።»

ጋቢውን ገለጥ ሲያደርጉት ምላሳቸው ተልጦ አየሁ። ፈራሁ። አፍ የሚያቆስል መድኃኒት ሰምቼ አላውቅም። ጎተራውን ግን የባሰ ፈራሁላቸው።

ከአንዱ ስንቅ ጨው ለምኜ በጋራ መጠጫችን፣ በጣሳው በጠበጥኩላቸው። ተጉመጥምጠው አመድ ላይ ተፉ፤ እንባቸው ወረደ።

«ጣሳውን አበላሸኸው!» ብሎ አለቃው ተነሣ።

በአገሩ ጠላ የሚቀዳ ሰው አስቀድሞ መዳፉ ላይ ጠብ አድርጎ ይቀምሳል፤ መርዝ የለበትም ማለቱ ነው። ጣሳውን አለቅልቄ ከእንስራው ቀዳሁና ጠጣሁ። ጥርሴ ከጣሳው ጋር ይጋጭ ነበር። ከዚያ በሁለት እጄ ለአለቃው አቀረብኩ።

ትክ ብሎ አየኝ። «ቀምሶ ላቀረበ እምቢ ማለት ነውር ነው። ገደልከኝ፣ መምህር!» ብሎ ጠጣ። ጣሳው ዞሮ ዞሮ አዛውንቱ ዘንድ ደረሰ። ጠርዙን አይተው ቆም አሉ። ከዚያ ግድግዳውን ተደግፈው ተነሡ፣ ጋቢያቸውን ከአፋቸው አወረዱና በሁሉም ፊት ጠጡ። ስለ ጎተራው ዳግም ያነሣ የለም።

ዛሬ እንዲያ ያለው መድኃኒት በእኔም ደም ሥር ይገባል፤ አፌም ቆስሏል። ሰሞኑን ልጄ ብርጭቆዬን ለብቻው ስታስቀምጥ አየሁና ሆዴ ባባ።

«ፈራሽኝ እንዴ?» አልኳት።

«ኧረ አባዬ! መድኃኒቱ በሽታ የመከላከል አቅምዎን አድክሞታል፤ ከእኛ ወደ እርስዎ እንዳይጋባ ነው እንጂ። መጠጫ ለዩ ብሎ ሐኪሙ ለበሽተኛው ሁሉ ይነግራል።»

ለሁሉም። እንግዲያ ለሞጣው አዛውንትም ተነግሯቸው ነበር። ጣሳው ጠርዝ ላይ ቆም ያሉት ለዚህ ነው። አውቀው ጠጡ።