ሳያንኳኳ የሚገባው መልእክተኛ

ፖሊሶች የያዙኝ ዊንጌት ታክሲ ስጠብቅ ነው፤ ጥፋቴ ፌስቡክ ላይ የለጠፍኩት ጽሑፍ ነበር። የታሰርኩበት ክፍል ይቀዘቅዛል፤ እርጥብ ሲሚንቶና ካልሲ ይሸታል። ጥግ ላይ ጋቢ ተከናንበው የተቀመጡ አንድ የሽሮ ሜዳ ሸማኔ "ና፣ እዚህ ጋ ይሻልሃል" ብለው ጠጋ አሉልኝ።

ሽማግሌው ለመገጣጠሚያ ሕመማቸው ለዓመታት በየቀኑ ይውጡት የነበረው ፕሬድኒሶሎን የተባለ ክኒን ሲፈተሹ ተወስዶባቸዋል። ያስመልሳቸዋል፤ ሲነሱ ዓይናቸው ይጨልማል። የባዮሎጂ መምህር ነኝና ደነገጥኩ፤ ይህ መድኃኒት በድንገት ሲቋረጥ ሊገድል ይችላል። በሩን ደበደብኩ። የመጣ የለም።

"ለመሆኑ ይቺ ሚጢጢ ክኒን ምን ብትሠራ ነው?" አሉኝ።

ክኒኗ ሰው ሠራሽ ሆርሞን ናት፤ ስለ ሆርሞን ከተጠየቅኩ ደግሞ እኔን ማን ያቆመኛል! መታሰሬንም ረሳሁት።

"መልእክተኛ ናት፣ ጋሼ። ብዙው መልእክተኛ ህዋሱ ደጃፍ ቆሞ ያንኳኳል፤ ይቺ ግን ቅባትነት ስላላት ሰተት ብላ ትገባለች። ውስጥ ተቀባይ አላት። ተያይዘው እስከ ህዋሱ እምብርት ይዘልቁና የተኛውን ጂን፣ የዘር መመሪያውን፣ ይቀሰቅሱታል። ያኔ አዳዲስ ፕሮቲኖች ይሠራሉ፤ 'እብጠቱ ይብቃ' የሚለውን ትእዛዝ የሚያዳርሱት እነሱ ናቸው።"

"ወይ ጉድ! ሳታንኳኳ?"

ተረኛው ፖሊስ በር ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ ኖሯል። ወዲያው መርማሪው ዘንድ ተወሰድኩ። ለካ በእኛ አገር ህዋስ የሚባለው የአካል ብቻ አይደለም፤ የድብቅ ድርጅት ቡድንም ህዋስ ነው።

"ህዋሱ ውስጥ መልእክት የሚያስገባው ማነው?"

"ሆርሞን።"

"ተቀባዩስ?"

"ፕሮቲን ነው።"

"የትግል ስሙ ነው?"

ፈርቼም ሳቄ አመለጠኝ። እስክሪብቶ ለምኜ፣ ሥዬ አስረዳሁት። ጎንበስ ብሎ ሲያይ ቆየና "ሁለተኛ ህዋስ የሚል ቃል ካፍህ እንዳይወጣ!" አለኝ።

"ክኒናቸው ካልተሰጣቸው ሰውየው ይሞታሉ" አልኩት። "መናገሬ ይመዝገብልኝ።"

መሳቢያውን ከፍቶ ክኒናቸውን አወጣ።

ወደ ክፍሉ ተመለስኩ፤ ተረኛው ፖሊስም ክኒኑን ከውሃ ጋር አመጣ። ሽማግሌው በሁለት እጃቸው ተቀብለው ዋጡ። ከዚያ ፖሊሱ አጠገባችን ቆሞ እያለ፣ የቀረቻቸውን ድምፅ ሁሉ አውጥተው "በል መምህር፣ አሁን የት ደረሰች?" አሉኝ።

"ህዋሱ ውስጥ ገባች፣ ጋሼ!" አልኩ፤ ኮሪደሩ አስተጋባ። እስከ መጨረሻው አስተማርኳቸው። ፖሊሱም አላስቆመኝም።

ሽማግሌው ከእኔ ቀድመው ተፈትተው፣ በእግራቸው ወጡ። እኔም ተፈትቼ ዛሬ ያንኑ ትምህርት ሰሌዳና ጠመኔ ይዤ አስተምራለሁ። እንደዚያን ቀን የተደሰትኩበት ክፍለ ጊዜ ግን እስካሁን የለም።