የማሽላ ውቂያው ምት

ሸዋ ሮቢት ውስጥ ወደነበረው የእስረኞች ማረፊያ ክፍል ሲያስገቡኝ ቀድሞ የተቀበለኝ የቆርቆሮው ጣሪያ ግለት ነበር። ዘመኑ የንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ማብቂያ ነው። ጥፋቴ አጭር ነበር፦ በመሥሪያ ቤቴ ስብሰባ ላይ ተነሥቼ፣ ጭሰኞችን ከቀዬአቸው ነቅሎ መሬቱን ለጥጥ እርሻ መስጠት ሕጋዊ አይደለም አልሁ። ክራባቴን እንዳሰርሁ ከሁለት ጭሰኞች ጋር ተቀመጥሁ።

አንደኛው ከቀወት መንደሮች የመጡ ሽማግሌ ነበሩ። ሲይዟቸው በጠመንጃ ሰደፍ ጭንቅላታቸውን ተመትተዋል። ቁስሉ ደርቋል፤ ነገር ግን ስማቸውን አያውቁም፣ ቃልም አይወጣቸውም። ሁለተኛው ጎረቤታቸው የሆነ ቀልደኛ ጎልማሳ ነው። የሽማግሌው ባለቤት በየቀኑ ስንቅ ይዘው ይመጣሉ። ከፍርግርጉ ማዶ ቆመው “እኔ ነኝ” ይላሉ፤ ሽማግሌው ግን እንደ እንግዳ ያዩዋቸዋል።

አንድ ረፋድ ላይ ዘቡ ሽማግሌውን የሚወስድ መኪና ሊደርስ መሆኑን ነገረን። ወዴት ብንለው “ወደ ደጋው” ከማለት በቀር አልመለሰም። ባለቤታቸው ከደጅ ነበሩ።

“ሳያውቀኝ ሊሄድ ነው እንግዲህ” ሲሉ ሰማናቸው።

ጎልማሳው ጥቂት አሰበና ወደ እኔ ዞረ። “ጋሼ፣ ማሽላ ወቅተው ያውቃሉ?”

“አላውቅም።”

“ክራባትዎ ነግሮኛል። ጫማዎን አውልቀው ይያዙ፤ ዱላዎ እሱ ነው።”

በቆላው ማሽላ የሚወቃው በደቦ ነው። ወንዶች በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ቆመው ዱላ ያፈራርቃሉ፤ አንዱ ዜማውን ያወርዳል፣ የቀረው ይቀበላል። አውራጁ በድንገት ካቋረጠ፣ ከፊቱ የቆመው ሰው ዜማውን ማንሣት ግዴታው ነው። ምት ባዶ ማሳለፍ ነውር ነው። ሽማግሌው ደግሞ በአካባቢው የታወቁ አውራጅ ነበሩ። ጎልማሳው ከፊታቸው በርከክ አለና ጀመረ፦

“በለው በለው ሲሉት ማሽላው ረገፈ፣
ዱላ ያሳረፈ እራት ላይ ታለፈ።”

እኔ ወለሉን በጫማዬ እየመታሁ “ሆ!” እል ነበር። በመጀመሪያ ዘገየሁ።

“ጋሼ፣ ማሽላ ነው እንጂ ፋይል አይደለም! ቶሎ ቶሎ!”

ያን ጊዜ ገባኝ። ምቱ ከክንዴ ወደ ደረቴ ወጣ፤ ልቤ ከእርሱ ጋር መዝለል ጀመረ። መታሰሬን ፈጽሞ ረሳሁ። ቀና ስል የሽማግሌው ጣቶች ጉልበታቸው ላይ ይንቀሳቀሱ ነበር፤ በምቱ ልክ።

ዘቡ በሩን በሰደፍ ደበደበው። “ዝም በሉ! ሰርግ ቤት መሰላችሁ?”

ጎልማሳው ስንኙን ከመካከሉ ቆረጠው። የእኔም እጅ ከነጫማው አየር ላይ ቀረ። ምቱ ባዶ ሊያልፍ ነው።

ሽማግሌው መዳፋቸውን ወለሉ ላይ ጣሉት። ድምፃቸው ሻካራ ነበር፤ ቦታውን ግን አልሳተም፦

“ከአውድማው ዳር ቆማ ውሃ ያቀበለች፣
የማሽላ አበባ የኔዋ የት አለች?”

“እትዬን ነው!” ብሎ ጮኸ ጎልማሳው። “አውድማ ላይ የሚጠሯቸው እንዲህ ነው!”

ከደጅ እልልታው ቀለጠ። “አለሁ! እዚህ አለሁ!”

ሦስታችንም ወለሉን ወቃነው። አቧራው ተነሣ፤ ዘቡ የሚለውን የሰማ አልነበረም። ሽማግሌው ተነሥተው ወደ ፍርግርጉ ሄዱና ባለቤታቸውን አተኩረው አዩ።

“ጠቁረሻል። ፀሐይ ላይ ነው እንዴ የምትውይው?”

“አንተን ስጠብቅ ነዋ!” አሉ ሴትዮዋ፤ ሳቅና ልቅሶ ተደባልቆባቸው።

መኪናው ደረሰ። ዘቡ በሩን ከፍቶ “ና ውጣ!” አላቸው።

“አዝማቹ ቀርቶኛል” አሉ።

ሳይቸኩሉ አዝማቹን እስከ መጨረሻው አወረዱ። እኔም በባዶ እግሬ ቆሜ ተቀበልሁ። ከዚያ በኋላ ጋቢያቸውን አስተካክለው ማንም ሳይነካቸው ወጡ። መኪናው አጠገብ የቆመው አሥር አለቃ ስማቸውን ሲጠይቃቸው፣ እስከ አያታቸው ድረስ በጠራ ድምፅ ሲናገሩ ሰማሁ።

ከዚያ ወዲህ ምን እንደደረሰባቸው አላወቅሁም። ዜማ ከቃል በሌላ መንገድ ወደ አእምሮ ይገባ እንደሆነ የሚያውቁት ሐኪሞች ናቸው። እኔ ጡረታ ከወጣሁ ሰንብቻለሁ፤ ብዙ ነገርም እየረሳሁ ነው። ለእስራት ያበቃኝን ንግግር እንኳ ቃል በቃል መድገም አልችልም። ቤተ ሰቦቼ ግን ሬዲዮ ሲከፈት መዳፌ ጠረጴዛውን እንደሚመታ ይነግሩኛል። እኔም አላቆመውም።