ተሾመ መጥቶ ነበር

አሁን የምጽፈውን ነገር ለንስሐ አባቴ እንኳ ነግሬያቸው አላውቅም። በየዓመቱ በዐቢይ ጾም ፊታቸው ተንበርክኬ ሐሜቴን፣ ስካሬን፣ ሚስቴን ማስቀየሜን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ። ይህችን ግን ዘልዬ አልፋለሁ። ረስቻት እንዳይመስላችሁ። ብነግራቸው «ሂድና ለሴትዮዋ ንገራት» እንደሚሉኝ አውቅ ስለነበር ነው። ከእኚያ ሴት በቀር፣ እሳቸውም ካለፈው ክረምት ወዲህ፣ ይህን የሚያውቅ ሰው የለም። ከእሳቸው ቀጥሎ የምነግረው ለእናንተ ነው።

ሥራዬ ፎቶ ማንሳት ነው። በደርግ ጊዜ ናዝሬት ላይ፣ ከመናኸሪያው ዝቅ ብሎ፣ አንዲት ጠባብ ፎቶ ቤት ነበረችኝ። ካሜራዬም አንዲት ናት፤ የሩሲያ ሥሪት፣ ከበድ ያለች። ሰውም አገርም የማነሳው በእሷ ነበር። ስለዚህች ካሜራ አንድ ነገር ልንገራችሁ፤ ጥፋቴ የሚጀምረው ከዚያ ነው። የማነሳውን ሰው የማየው በሌንሷ በኩል ሳይሆን ከሌንሷ ከፍ ብላ ባለች ትንሽ መስኮት ነው። በመስኮቷ ሳይ የሰውዬው ፊት ሁለት ሆኖ ይታየኛል። ቀለበቱን ቀስ አድርጌ ሳዞር ሁለቱ ፊቶች ይጠጋጉና አንዱ በሌላው ላይ ልክክ ይላል። ያኔ እጫናለሁ። እስከ ዛሬ ድረስ ይህን ያህል ደስ የሚለኝ ሥራ የለም። ክፋቱ የሌንሷ ክዳን ሳይነሳ ቢቀር መስኮቷ አትናገርም። ሁሉም ነገር ወለል ብሎ ይታያል፤ ፊልሙ ላይ ግን ምንም አይገባም።

ይህ ነገር በከተማችን በአንድ ሰው ላይ ደርሶ ያውቃል። አንድ አንጋፋ ፎቶ አንሺ የሰው ሠርግ ግማሹን ክዳኑን ሳያነሱ አነሱ። «ጋሽ ጨለማ» የሚል ስም ያወጣሁላቸው እኔ ነኝ። ሻይ ቤት በተቀመጥኩ ቁጥር ታሪኩን አዲስ አስመስዬ አወራው ነበር፤ አረማመዳቸውን ሳይቀር እያስመሰልኩ። ሰውዬው መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ደፍተው ያልፉ ነበር። እኔ ግን ስቄ አስቄ አልጠግብም። እንግዲህ ምን ዓይነት ሰው እንደነበርኩ ከዚህ ገምቱ።

አንድ እሑድ ላንጋኖ ሄድኩ። ፊልም እንደ መድኃኒት በሚፈለግበት በዚያ ዘመን እንኳ ከሥራዬ ቆጥቤ ለራሴ ጥቂት አስቀር ነበር። ውኃው ዳር ያሉትን ግራሮች፣ ማዶ ያለውን ተራራ፣ ሐይቁ ውስጥ እግራቸውን ነክረው የቆሙትን ከብቶች አነሳሁ። ስመለስ የተሳፈርኩት የጭነት መኪና ላይ ነበርና አቧራ እንዳይገባባት ብዬ ሌንሷን ከደንኩ።

ሰኞ ጠዋት ተሾመ መጣ። ተሾመ ገበያ ውስጥ ሽንኩርትና ቲማቲም የሚሸጡት የእትዬ ዲንቂቱ ልጅ ነው። አባቱ በሕይወት የለም፤ እናቱም ሌላ ልጅ የላቸውም። ቀበሌው ለብሔራዊ ውትድርና መልምሎት ነበርና እስከ ቀትር ድረስ ስታዲየም መግባት ነበረበት። ቤታቸው ውስጥ ከሕፃንነቱ በኋላ የተነሳው ፎቶ የለም። ለደንበኞች የማውሰውን ጥቁር ኮት አለበስኩት። እጅጌው አጠረውና ሁለታችንም ሳቅን። ፀጉሩን በውኃ አርሶ አበጠረ።

«ጋሼ፣ ቅዳሜ እናቴ መጥታ ትወስደዋለች፤ ነግሬያታለሁ» አለኝ። ቀጠለና «እየሳቅኩ ያንሱኝ። ኮስተር ካልኩ ታለቅሳለች» አለ።

ሁለት ጊዜ አነሳሁት። በመስኮቷ ሁለቱ ፊቶች አንድ ሲሆኑ በዓይኔ በብረቱ አይቻለሁ። ሲስቅ ግራ ጉንጩ ስርጉድ ይል ነበር። እጄ ሥራውን ከመልመዱ የተነሳ ካሜራዬን ዞር አድርጌ እንኳ አላየኋትም። ክዳኑ እንደተከደነ ነበር።

ፊልሙን ያጠብኩት በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ነው። ላንጋኖ ቁልጭ ብሎ ወጥቷል፤ የከብቶቹ ቀንድ ሳይቀር ይቆጠራል። ከዚያ ቀጥሎ ያሉት ሁለቱ ግን ባዶ ናቸው፤ ብርሃን እንዳልነካው ፊልም ሁሉ እንደ መስተዋት ጥርት ያሉ። ወዲያው ገባኝ። ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ።

እስከዚህ ድረስ ያለውን ስሕተት በሉት። ስሕተት ማንንም ያገኛል። ግን ምልምሎቹ እስከ ረቡዕ ድረስ እዚያው ስታዲየም ውስጥ ነበሩ። ዘመድ እንዳይጠጋቸው ይከለከላል፤ እኔን ግን በየበዓሉ ለቀበሌው ፎቶ ስለማነሳ ጠባቂዎቹ ያውቁኛል። መንገዱ በእግር ሩብ ሰዓት ቢሆን ነው። ካሜራዬን ይዤ ሄጄ «ተሾመን ጥሩልኝ፣ ፎቶው ተበላሽቶብኛል» ብል ምን እሆን ነበር? ሄጄም ነበር እኮ! ማክሰኞ ዕለት እስከ በሩ ድረስ ሄጄ ነበር። አንድ የማውቀው ጠባቂ «ማንን ልታነሳ መጣህ?» አለኝ። ያኔ በዚያ ሁሉ ልጅ ፊት «ክዳኑን ረስቼ» ስል፣ በማግሥቱ ሻይ ቤቱ ሁሉ የእኔን ስም ሲያወጣ፣ አረማመዴን ሲያስመስል ታየኝ። «ማንንም፤ እንዲሁ ሳልፍ ነው» አልኩትና ተመለስኩ። ሳቅ ፈርቼ ተመለስኩ።

ቅዳሜ እትዬ ዲንቂቱ መጡ። ገበያ ትተው፣ የክት ነጠላቸውን ለብሰው ነው የመጡት። «አከም ቡልቴ» ብለው በኦሮምኛ ሰላምታ ሰጡኝና «የልጄን ፎቶ ልወስድ ነው» አሉ። እውነቱን ለመናገር አፌን ከፈትኩ። የወጣው ግን ሌላ ነው።

«ተሾመ? አልመጣም እኮ፣ እትዬ» አልኩ።

አልመጣም አልኩ። ልጁ መጥቶ፣ ኮቴን ለብሶ፣ እናቱ እንዳታለቅስ ብሎ ስቆ፣ እኔ አልመጣም አልኩ። «ተሾመ አይዋሽም» አሉ። «እንግዲህ እኔ አላየሁትም» አልኩ። ለምን? ተበላሸ ብል እኚህ ሴት ምን ያደርጉኝ ነበር? ምንም። በኋላ እንደሰማሁት፣ ያን ቀን ሌላ ቤት ሄዶ ይሆናል ብለው በናዝሬት ያለውን ፎቶ ቤት ሁሉ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ዞረዋል። ጋሽ ጨለማ የምላቸውም ሰው ዘንድ ሄደዋል፤ እሳቸው ወንበር ሰጥተው ውኃ አጠጧቸው አሉ።

አንድም ደብዳቤ ሳይመጣ በዓመቱ መርዶ መጣ። ለቅሶው ላይ የሚያዝ ፎቶ ስላልነበረ እትዬ ዲንቂቱ ሸሚዙን ይዘው አለቀሱ። እያለቀሱ ምን ይሉ እንደነበር ታውቃላችሁ? «ለምን ዋሸኸኝ?» ይሉ ነበር። ለቀስተኛው እመለሳለሁ ብሎ መቅረቱን የሚሉ መሰለው። የገባኝ እኔ ብቻ ነኝ። ተነስቼ መናገር አልችልም ነበር? እችል ነበር። አንገቴን ደፍቼ ንፍሮ በላሁ።

ከአርባው በኋላ ተሾመ ሕፃን ሳለ የተነሳትን፣ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል ፎቶ ይዘው መጡና በትልቁ አውጣልኝ አሉኝ። ሦስት ቀን ለፋሁባት። ሳስረክባቸው ፎቶውን ስመው መረቁኝ፤ «እጅህ ይባረክ፣ ልጅ ይውጣልህ» አሉ። አሜን አልኩ። ለጥቂት ቀናት ራሴን እንደ ደግ ሰው ቆጠርኩት። ከውሸቴ ይልቅ አንዳንዴ የሚያሳፍረኝ ያ አሜን ነው።

ከዚያ በኋላ ስንት ዓመት ሙሉ ገበያ ውስጥ እንዳላያቸው በሌላ በኩል ዞርኩ! ባለፈው ክረምት ግን ታመዋል ሲባል ልጠይቃቸው ሄድኩ። አርጅተው፣ አልጋ ላይ ተደግፈው አገኘኋቸው። ያቺ ፎቶ ከራስጌያቸው ተሰቅላለች። «አንተ ባትኖር ይህችም አትኖረኝም ነበር» አሉና ሊመርቁኝ እጃቸውን ዘረጉ። አሜን ማለት አቃተኝ።

«እትዬ፣ ተሾመ መጥቶ ነበር» አልኩ።

ክዳኑን፣ ስታዲየሙን፣ የቅዳሜውን ውሸት፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ይጮሁብኛል፣ ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ምን ለብሶ ነበር?» አሉኝ። ኮቱን፣ የእጅጌውን ማጠር ነገርኳቸው። «ስቋል?» አሉ። «መሳቅ ብቻ! ኮስተር ካልኩ ታለቅሳለች ብሎ እኮ ነው» አልኩ። «ጉንጩስ?» «ስርጉድ ብሏል።» እንደገና ከመጀመሪያው አስነገሩኝ። ሦስት ጊዜ ነገርኳቸው፤ በሦስተኛው እሳቸውም ፈገግ አሉ።

ከዚያ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። እኔ ይቅርታ ልጠይቅ ከአልጋው ሥር ተንበርክኬ ነበር፤ ቃሉ አፌ ላይ ደርሷል።

«እኔ ልጄን ተቀይሜው ነው የኖርኩት» አሉ። «ሻማ ሳበራለት እንኳ ተቀይሜው ነበር። አሁን እሱን ማን ይቅርታ ይጠይቅልኝ?»

እሳቸው ምንም ያላጠፋውን ልጃቸውን ይቅርታ የሚጠይቁበት አጥተው ሲያለቅሱ እኔ «ማሩኝ» ልበል? አፍሬ ተነሳሁና ሳልጠይቅ ወጣሁ። እናንተንም አልጠይቅም። ወጣት ነበርኩ፣ ጊዜው ክፉ ነበር ልላችሁ እችላለሁ። ጊዜው በእርግጥ ክፉ ነበር። ከስታዲየሙ በር ግን የመለሰኝ ሰው የለም። ራሴ ነኝ የተመለስኩት።